የአያ ዘገዬ መሐላና የወይራው ጉቶ

በእኛ አገር ሰው በችኮላ ቃል ገብቶ በገዛ አፉ ሲታሰር የምንተርተው አንድ ተረት አለ። ያላየውን ቤት የተከራየ፣ በስልክ ሥዕል ብቻ አይቶ ሱሪ ያዘዘ፣ የአማቱን ጠባይ ሳያጠና ያገባ፣ ሁሉም አንድ ቀን ይህን ተረት ከአንድ ሽማግሌ አፍ መስማቱ አይቀርም። ከተማ ውስጥ ግን ሰው እያበላሸው ነው። በቀደም ዕለት ታክሲ ላይ አንዱ ስለ ቤት ቃጠሎ ሲያወራ ጣል አደረጋት። ቃጠሎ ምን አገባው? ተረቱ የመጣው ከጋብቻ ነው። ስለዚህ ተረቱን አሁን አልነግራችሁም። መነሻውን ሳትሰሙ ይዛችሁት ከሄዳችሁ እናንተም እንደ ታክሲው ሰውዬ መሆናችሁ ነው።

ነገሩ የሆነው በጎጃም ደጋ፣ ጥድ አፋፍ በምትባል መንደር ነው። ለእኔ የነገረችኝ አክስቴ ናት፤ ለአክስቴ ደግሞ ባለታሪኳ አንጓች ራሷ ነግራታለች። አክስቴ ስታወራ ትጨምራለች። እኔ የጨመርኩት ቢኖር ለወጥ የሚበቃ ጨው ያህል ነው።

በዚያች መንደር አያ ዘገዬ የሚባል ገበሬ ነበር። ስም ያወጡለት ሰዎች ተሳስተዋል፤ ዘገዬ በዕድሜው አንድ ቀን ዘግይቶ አያውቅም። ቤተ ክርስቲያን ከደወሉ በፊት ይደርሳል። ገንፎ ሳይበርድ ይጎርስና ጣራ ጣራ እያየ ያለቅሳል። አንድ ጊዜማ ታሞ የከረመ ጎረቤቱ ቤት ጩኸት የሰማ መስሎት ለቅሶ ሊደርስ ሲሮጥ፣ በሽተኛው ራሱ በር ላይ ወጥቶ «ግባ፣ እንኳን ደህና መጣህ» ብሎ ተቀበለው ይባላል።

ሌላው ጠባዩ መሐላ ነበር። እንደ ሰው በማርያም፣ በጊዮርጊስ አይምልም፤ «ቅዱሳንን በእኔ ነገር አላደክምም» ይላል። የሚምለው ዓይኑ ባረፈበት ነገር ነው። ከማለ ደግሞ ማለ ነው፤ ቃሉን ከሚያጥፍ አንገቱን ቢያጥፉት ይመርጣል። አንድ ዓመት በሚስቱ በእመት ትርንጎ ጠላ ተናዶ፣ ግቢው ውስጥ የምትሯሯጥ ጫጩት አየና «ይህች ዶሮ እንቁላል እስክትጥል ጠላ አልቀምስም!» አለ። ጫጩቷ አደገች። አንድ ማለዳ አጥር ላይ ወጣችና እንደ መለከት ጮኸች፤ ለካ አውራ ዶሮ ኖራለች። አያ ዘገዬ እስከ ፋሲካ ውሃ ሲጠጣ ከረመ። በፋሲካ አውራው ሲታረድ የነፍስ አባቱ መምሬ ውብሸት «ምስክርህ ስለ ሞተ መሐላህ ተፈትቷል» ብለው ገላገሉት።

ሰው ከዚህ ይማራል ብላችሁ ይሆናል። አያ ዘገዬ ግን ለመማር ጊዜ አልነበረውም።

አንጓች የእሱ ልጅ ናት፤ ለወግ ለማዕረግ የደረሰች፣ ቀልድ የምታውቅ፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ የምትሸፍን ልጅ። ከወንዙ ማዶ ደግሞ ቢምረው የሚባል ወጣት ነበር። እንደ ሰው ያርሳል፤ አገር የሚያውቀው ግን በእጁ ነው፤ ሞፈር፣ ቀንበር፣ እርፍ ይጠርባል። ይህ ቢምረው ሲበዛ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሰላምታ ከጀመረ ከብቱን፣ አዝመራውን፣ የጎረቤትህን ጉልበት ሕመም ሳይቀር ካልጠየቀ አይለቅህም። አያ ዘገዬ ቢምረውን ከሩቅ ካየ መንገድ ይቀይር ነበር።

ሆኖም ሞፈር ያስፈልገው ነበርና አዘዘው። ገደሉ አፋፍ ላይ ነፋስ የገነደሰው አንድ ትልቅ ወይራ ነበር፤ ቢምረው ከእሱ ሊጠርብለት ተስማማ። ወይራን ታውቁታላችሁ። በጋ ከክረምት ቅጠሉ የማይረግፍ፣ ለማደግ የማይቸኩል፣ ሲጠርቡት መጥረቢያ የሚያስለቅስ፣ ምስጥ እንኳ ቀምሶ የሚተወው እንጨት ነው። አያ ዘገዬ በሳምንቱ ሄደና «ደረሰ?» አለ።

«እንጨቱ ትንሽ ይረፍ፣ አያ ዘገዬ» አለ ቢምረው።

«እንጨት ምን ሲሠራ ደክሞት ነው የሚያርፈው!» ብሎ እየተቆጣ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ራሱ መሄዱን ትቶ ልጁን መላክ ጀመረ። «አንጓች፣ ሩጪ፣ ሞፈሩ ደርሶ እንደሆን ጠይቂልኝ።» አንጓች ትሄዳለች፤ ትመለሳለች፤ «ገና ነው አለ» ትላለች። በሳምንቱ ደግሞ ይልካታል። «ገና ነው አለ።» እንዲህ እየተባለ አንድ በጋና አንድ ክረምት አለፈ። አክስቴ እንደምትለው ሞፈሩ ከደረሰም በኋላ ብዙ ጊዜ «ገና ነው» ተብሏል። አንጓች ከዚያ መንገድ ስትመለስ ፊቷ ላይ የሚታየውን እናቷ አይታለች፤ አባቷ ግን ቶሎ ቶሎ ስለሚያይ አላየም።

በመስከረም መጨረሻ ቢምረው ሞፈሩን ተሸክሞ መጣ። ሞፈር ነው ብዬ ብቻ ባልፈው ይቆጨኛል፤ ለእጅ የሚለሰልስ፣ ቢመቱት እንደ ደወል የሚጮህ ነበር። አያ ዘገዬ ዞሮ ዞሮ እንከን ሲያጣ «ከባድ ነው» አለ። ቢምረው ከሞፈሩ ጋር ከዚያው ወይራ ሥር የተረፈውን ጉቶ በአህያ ጭኖ ለእመት ትርንጎ አምጥቶ ነበር። «ለጠላ ጋን ማጠኛ እየፈለጡ ይጠቀሙበታል፣ እናቴ» አላት። ጉቶው የተቋጠረ ጡንቻ የመሰለ፣ ሁለት ሰው የሚያነሣው ነገር ነው።

«ፍለጡ ይላል ደግሞ! እኔ በአንድ ምት እገላግላችኋለሁ» አለ አያ ዘገዬ። መጥረቢያ አነሣና መታው። መጥረቢያው ነጥሮ ተመለሰ። ደገመው፤ እጀታው ለሁለት ተሰበረና ብረቱ በቢምረው ራስ ላይ አልፎ ጎመን ውስጥ ገባ። ጎረቤቶች አጥር ላይ ሆነው ሲስቁ አያ ዘገዬ ቀላ። «ይህን ድንጋይ ምድጃ ውስጥ ክተቱት! ሁለተኛ ዓይኔ እንዳያየው!» ብሎ ወደ ማሳው ሄደ።

እመት ትርንጎ ታዛዥ ሚስት ናትና የተባለችውን አደረገች። ጉቶውን ከአንጓች ጋር አንከባልለው ጉልቻው መሃል አስገቡት፤ ሥሩን በፍም ከበቡት፤ ላዩን በአመድ አለበሱት። አያ ዘገዬም ረሳው። ምድጃ የሴት አገር ነው ብሎ ስለሚያምን ወደዚያ ዞር ብሎም አያይም ነበር።

ወዲያው በዚያው ሰሞን ገበያ ወርዶ ቸኮል ከሚባል የበቅሎ ነጋዴ ጋር ተዋወቀ። ስሙን ሲሰማ ገና ወደደው። ቸኮል ሲበላ ቆሞ፣ ሲያወራ እየሄደ ነው። «ልጅ አለችህ አሉ» አለው። «አለችኝ» አለ አያ ዘገዬ። «ማክሰኞ ሽማግሌ እልካለሁ።» «ላክ።» በቃ፣ ይኸው ነው። አያ ዘገዬ በዕድሜው እንዲህ ያለ ደስ የሚል ወሬ አውርቶ አያውቅም። ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ «አማች አገኘሁ፤ ሰላምታው እንኳ ግማሽ ነው» አላት።

አንጓች ይህን ጓዳ ሆና ሰማች። የዚያን ዕለት ያለቀሰችው ለቅሶ ለብቻው ተረት ይወጣዋል፤ ግን የሳቅ ታሪክ ስለጀመርኩ አላመጣውም። ወሬው ወንዙን ሲሻገር የቢምረው ቤተሰቦች ደነገጡ። ቢምረው ሲያስብ የኖረው በኅዳር ሽማግሌ ሊልክ ነበር። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቸኮለ፤ ሰኞ ማለዳ ሦስት ሽማግሌዎች የአያ ዘገዬ ደጃፍ ላይ ቆሙ።

ከፊት ያው የነፍስ አባቱ መምሬ ውብሸት ናቸው። ሁለተኛው አያ ልየው የሚባል፣ ቀጭን ሆኖ ሳለ በግብዣ ቤት የሚፈራ በላተኛ ነው። ሦስተኛው አያ ጓዴ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጥ፣ ጆሮው የማይሰማ ሽማግሌ ነው። ነገር አይሰማም፤ ነገር ግን ሽበቱ ስለሚያምር ለሽምግልና ሁልጊዜ ይወሰዳል።

«እንደምን አደራችሁ። ግቡ፣ ተቀመጡ» አለ አያ ዘገዬ በአንድ ትንፋሽ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ መምሬ እንደ ወጉ።

«ምንድን ነው ጉዳያችሁ?»

«ዝምድና ፈልገን ነው። ልጅህን ለልጃችን ለቢምረው እንድትሰጠን—»

«አይሆንም» አለ አያ ዘገዬ።

መምሬ ቀዝቀዝ ብለው ሳቁ። እንደ አገሩ ወግ የልጅ አባት ወዲያው እሺም እምቢም አይልም። «ዘመድ ልማከር» ይላል፤ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ሽማግሌ ይመላለሳል። «አያ ዘገዬ፣ ይህ የመጀመሪያ ቀን ነው። ቀጠሮ ስጠን እንጂ።»

«ቀጠሮ! እኔ ቀጠሮ? ያ ልጅ እኮ ሞፈር እስኪጠርብ በሬዬ አርጅቷል። ልጄን ብሰጠው ሠርጉ የሚደርሰው ለልጅ ልጄ ነው!»

«እንግዲያውስ መልካም መልስ ሳንሰማ አንሄድም» አሉ መምሬ፤ አያ ልየውም «አንሄድም» አለና ወደ ጓዳው ሽታ አፍንጫውን አዞረ። አያ ጓዴ ሁሉም የተስማሙ መስሎት «እግዜር ይስጥልን» ብሎ ምድጃው አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተቀመጠ።

አያ ዘገዬ ዙሪያውን አየ። ማሳው ላይ አረም ይጠብቀዋል። ማክሰኞ ቸኮል ሽማግሌ ይልካል። እነዚህ ሰዎች እዚህ ከተቀመጡ ነገር ሊበላሽ ነው። ዓይኑ ምድጃው ላይ አረፈ። አመዱ ላይ ሁለት ሦስት ጭራሮዎች ትንሽ ነበልባል አንሥተው ሊያልቁ ተቃርበዋል። ፊቱ በራ።

«ዘገዬ፣ ቆየኝማ፣ ምድጃው እኮ—» አለች እመት ትርንጎ፤ ጠባዩን ታውቃለችና።

«አንቺ በሽማግሌ መሃል አትግቢ!» አለና እጁን ወደ እሳቱ ዘረጋ። «ይህ እሳት ምስክሬ ይሁን! በራሱ ጊዜ እስኪጠፋ ተቀመጡና ለምኑ። እስኪጠፋ ልጄን ለማንም አልሰጥም፤ እኔም ከዚህች ደፍ አልወጣም፣ ሸሸ እንዳትሉኝ። ሲጠፋ ግን ተነሥታችሁ ትሄዳላችሁ! ማንም እንጨት እንዳይጨምር፤ ማንም ውሃ እንዳያፈስ! ማልኩ!»

አንጓች የእጅ ውሃ ይዛ ቆማ ነበር፤ ማሰሮው ሊያመልጣት ሲል ያዘችው። እናቷን አየች። እናቷ ጣራውን አየች። አንጓች ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅልላ ወደ ጓዳ ሮጠች፤ አባቷም የምታለቅስ መስሎት ትንሽ አዘነ።

ጭራሮዎቹ ወዲያው አለቁ። ነበልባሉ አንድ ሁለቴ ተወዛወዘና ጠፋ። አያ ዘገዬ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ጠፋ! በሉ እንግዲህ፣ መንገዱ ይቅናችሁ!»

«አመዱን እንየው እስቲ» አሉ መምሬ።

እመት ትርንጎ ማማሰያ ይዛ ቀረበችና አመዱን ገለጥ አደረገችው። ከሥሩ የወይራው ጉቶ ብቅ አለ፤ አንድ ጎኑ እንደ በሰለ ሚጥሚጣ ቀልቷል፤ የቀረው ገና አልተነካም። ሙቀቱ የሽማግሌዎቹን ጺም ነካው።

አያ ዘገዬ አፉን ከፈተ። «ይህ… ይህ ምንድን ነው?»

«ሁለተኛ ዓይኔ እንዳያየው ያልከው ነው» አለች እመት ትርንጎ። «እኔ መልሼ ልሸፍነው ነው፤ ዓይንህን ጨፍን።»

እንግዲህ ወይራ እሳት ላይ ምን እንደሚሆን የማያውቅ የአገር ሰው የለም። ነበልባል አያበዛም፣ አይጮህም፤ ውስጥ ውስጡን ነው የሚበላው። ለጋን ማጠኛ የምትሆን ስንጥር እንኳ እፍ ብለህ ለማጥፋት ትለፋለህ። ይህ ደግሞ ጉቶ ነው፣ ያውም የሥሩ። አያ ልየው ጉቶውን እንዳየ ጋቢውን አውልቆ፣ አጣጥፎ፣ መቀመጫ አደረገው። «ምሳ ምንድን ነው?» አለ።

ሰኞ አለፈ። አያ ዘገዬ በዕድሜው ቤት ውስጥ እንዲያ ተቀምጦ አያውቅም። ከምድጃ ወደ ደፍ፣ ከደፍ ወደ ምድጃ ይመላለሳል። አመዱን ገልጦ ያያል፤ ጉቶው ይስቅበታል። ሽማግሌዎቹ ይለምኑታል፤ ይበላሉ፤ ደግሞ ይለምኑታል። ለእንግዳ እምቢ አይባልምና እመት ትርንጎ ታቀርባለች። አንጓች ለሽማግሌዎቹ እግር ስታጥብ የአያ ልየውን እግር ሁለት ጊዜ አጥባለች። ለእሷ በዚያ ምድጃ ውስጥ የሚነደው ትዳሯ ነው። እያንዳንዷ ፍም ስትከስም እጥበቱን ታቆማለች፤ ሌላዋ ስትቀላ ትቀጥላለች። መምሬ በቆሙበት ሁሉ በጥምጥማቸው ጥላ ሥር ፈገግ ይላሉ።

ሌሊቱን ልዝለለው፤ ሁሉም አንኮራፋ፣ ከአያ ዘገዬ በቀር።

ማክሰኞ ማለዳ የቸኮል ሽማግሌዎች መጡ፤ ቸኮል ራሱም በበቅሎ ሆኖ ከደጅ ቆሟል፤ ወጉ አይደለም፣ ግን መልሱን ቶሎ ሊሰማ ነው። አያ ዘገዬ ከደፉ ሳይወጣ አንገቱን አስግጎ «ቸኮል ወንድሜ፣ ትንሽ ታገሠኝ፣ እሳቱ እስኪጠፋ ነው!» አለው።

«ምን እስኪሆን?»

«እሳቱ እስኪጠፋ! ምዬ ነው!»

ቸኮል በቅሎውን አዞረ። «እኔ የሰው ምድጃ ጠባቂ አይደለሁም። አዳራሽ ሰፈር ሌላ ልጅ አለች ብለውኛል» አለና ሽማግሌዎቹን አስከትሎ ሄደ። ደህና ዋል እንኳ አላለም። አያ ዘገዬ የበቅሎዋን አቧራ እያየ ቆመ። የገዛ ችኮላውን በሌላ ሰው ላይ ሲያይ ለመጀመሪያ ጊዜው ነው፤ ደስ የሚል አልመሰለውም።

እኩለ ቀን ላይ ከአጥር ማዶ ጩኸት ተሰማ። «አያ ዘገዬ! ንብህ ወጣ! ንብ!»

ጥቅምት ነው፤ አደይ አበባ ሜዳውን ሞልቶታል፤ ንብ የሚሰደድበት ወቅት ነው። አያ ዘገዬ ከምንም በላይ የሚወደው ጓሮው ያለውን ትልቁን የንብ ቀፎ ነበር፤ መንጋው ወጥቶ ከደጁ ብሳና ቅርንጫፍ ላይ እንደ ጥቁር ከረጢት ተንጠልጥሏል። ካልተያዘ ገደሉን ተሻግሮ ይሄዳል፤ ከሄደ ሄደ ነው። አያ ዘገዬ ወደ በሩ ተፈናጠረ፤ ደፉ ላይ ሲደርስ ግን እግሩ ተተከለ። ማለ እኮ!

«ንቤ! ንቤ! ሰው የለም ወይ!» እያለ በደፉ ላይ ይዘላል።

ሰው ነበር። ቢምረው ከትናንት ጀምሮ ወሬ ፈልጎ በአጥሩ ዙሪያ ሲያንዣብብ ነበር፤ እንዳይታይ ከብሳናው ጀርባ ተቀምጧል። አሁን ተነሥቶ ባዶ ቀፎ አነሣና ወደ መንጋው ቀረበ።

«ቶሎ በል! ቶሎ!» አለ አያ ዘገዬ።

ቢምረው ቶሎ አላለም። እርጥብ ቅጠል ለኩሶ ዝግ ብሎ አጨሰባቸው። በጣቱ መሃል መሃሉን እየፈለገ አውራዋን አገኘና በቀስታ ወደ ቀፎው አሳለፋት። ንብ የአውራዋ ተከታይ ነውና መንጋው አንድ በአንድ፣ ከዚያ በእፍኝ፣ ከዚያ ጠቅላላው እንደ ፈሰሰ እህል ተከትሏት ገባ። አያ ዘገዬ መጮኹን መቼ እንዳቆመ አያውቅም። አፉን ከፍቶ ያያል። እሱ ንብ ባስገባ ቁጥር ፊቱ አብጦ ለሳምንት ዓይኑ አይገለጥም ነበር።

ቢምረው ቀፎውን አቅፎ መጣና ከደፉ ማዶ ሆኖ አቀበለው።

«ስንት ቦታ ነደፈህ?» አለ አያ ዘገዬ።

«አልነደፈኝም። አልቸኮልኩባቸውም፤ እነሱም አልቸኮሉብኝም።»

አያ ዘገዬ ቀፎውን ታቀፈ፤ ከውስጥ የሚሰማው ድምፅ ደረቱን ነዘረው። ልጁን ቀና ብሎ አየው፤ በረጅሙ አየው። ከዚያ ዞር አለና እንባው እየመጣ «መምሬ! ይህን ልጅ… እኔ ደነዝ ነኝ፣ መምሬ፤ ልጄን ሰጥ—»

እመት ትርንጎ እጇን በአፉ ላይ ጫነችው። «ምለሃል! እሳቱ እስኪጠፋ ለማንም!»

አያ ዘገዬ ወደ ምድጃው ሮጦ አመዱን ገለጠ። ጉቶው ግማሹ ገና አለ፤ ደስ ብሎት ይነዳል።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ሽማግሌዎቹ መለመን አቆሙ፤ የሚለምነው አያ ዘገዬ ሆነ፣ እሱም እሳቱን ነው የሚለምነው። ምድጃው ላይ ተደፍቶ «ጥፊ እንጂ፣ እናቴ፤ ምን አደረግሁሽ?» ይላል። እፍ ቢለው ይበልጥ ቀላ። ውሃ ብሎ ሊጮህ ሲል ውሃ እንዳይፈስ የማለው ራሱ መሆኑ ትዝ አለው። አያ ልየው ከጎኑ ሆኖ አጥንት እየጋጠ «አትቸኩልበት፤ ይረፍ» ይለዋል።

ድንገት አያ ዘገዬ ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። «ወየው! እሳቱ እያለ ልሰጥ አልችልም። ሲጠፋ ደግሞ እናንተ ተነሥታችሁ ትሄዳላችሁ ብያለሁ። ታዲያ መቼ ነው የምሰጣችሁ?»

የመምሬ ፈገግታ ጠፋ፤ አያ ልየውም መጋጡን አቆመ። እውነትም ሰውዬው በሁለት ጫፍ ታስሯል። ከደጅ ቢምረው፣ ከጓዳ አንጓች፣ ሁለቱም ጆሯቸውን አቀኑ። እንዲያ ያለ ደስታ በእንዲያ ያለ ሞኝነት ሊቀር ነው? በኋላ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ የአንጓች ድምፅ ወጣ፤ እየፈራች፣ ግን እየሳቀች።

«አባባ፣ ተነሥታችሁ ትሄዳላችሁ ነው እንጂ ያሉት፣ ባዶ እጃችሁን ትሄዳላችሁ አላሉም።»

መምሬ ውብሸት የዝንብ ጭራቸውን ጣሉት። «ይህች ልጅ ቅኔ ቤት መግባት ነበረባት!» ብለው ሳቁ፤ አያ ዘገዬ ልጁን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማት መስሎ ወደ መጋረጃው ዞረ፤ «ድገሚው እስቲ፣ ልጄ» አላት፤ ደገመችለት። ከዚያ በኋላ የቀረው መጠበቅ ብቻ ነበር፤ አያ ዘገዬም ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ቢምረውን «ግባ፣ ከደጅ አትቁም» አለው። ቢምረው ገብቶ በሬውን፣ አዝመራውን፣ የጎረቤቱን ጉልበት ጠየቀው፤ አያ ዘገዬም አንድ በአንድ መለሰለት።

ረቡዕ ነጋ። ጾም ስለሆነ ሥጋው ቀረና ሽሮ ቀረበ፤ አያ ልየው ብቻ ትንሽ ቅር አለው። ፀሐይ ስትሞቅ አያ ዘገዬ እጁን ወደ አመዱ ሰደደ። ቀስ ብሎ ዳበሰ። ቀዝቃዛ ነው። እስከ ሥሩ ዳበሰ። ጉቶው ሙሉ በሙሉ ነጭ አመድ ሆኖ በጣቶቹ መሃል ፈረሰ።

«ጠፋ!» ብሎ ጮኸ። «ጠፋ! ሰጥቻለሁ! ውሰዷት!» ከደፉ ዘልሎ ወጣ፤ ተመልሶ ገባ፤ ቢምረውን በአመዳም እጁ አቅፎ ጋቢውን አበላሸው። እመት ትርንጎ እልልታዋን አቀለጠችው፤ የመንደሩ ሴቶች ከየአጥሩ ተቀበሏት። አንጓች ከመጋረጃው ወጥታ ቆመች፤ ነጠላዋ አፏ ላይ አልነበረም፤ ጥርሷ ሁሉ ይታይ ነበር።

ይህን ጊዜ አያ ጓዴ፣ ከሰኞ ጀምሮ ምድጃው ዳር ሲሞቅ፣ ሲበላና ሲያንቀላፋ የከረመው ደንቆሮው ሽማግሌ፣ እልልታው ነዝሮት መሰለኝ ባነነ። በአመድ የተለወሰውን አያ ዘገዬን አየና ደነገጠ። «ማን ሞተ?» አለ።

«እሳቱ!» አለው አያ ልየው።

«ምን?»

መምሬ ውብሸት ጎንበስ ብለው አፋቸውን ከጆሮው ገጠሙና ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጮኸው ነገሩት፤ ጭራሮውን፣ መሐላውን፣ በአመድ የተሸፈነውን የወይራ ጉቶ፣ የሸሸውን ቸኮልንና የተያዘውን ንብ። አያ ጓዴ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ፤ መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ ሆዱ፣ በመጨረሻም እንባው እስኪፈስ ሳቀና «አይ ዘገዬ፣ እንጨቱን ሳያይ በእሳቱ ማለ!» አለ።